ስለ ሲድኒ ፕዋቲዬ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

በየዓመቱ የካቲት 13 ማታ ቤቴ ፊልም አሳያለሁ። ፕሮጀክተሩ የውሰት ነው፣ ግድግዳው ብቻ የኔ። ቡና አለ፣ ፈንዲሻ አለ፣ ወንበር ያልደረሰው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ቀኑ የሲድኒ ፕዋቲዬ ልደት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ጥያቄው ይጀምራል፣ በማግስቱም በቴሌግራም ይቀጥላል። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያዩም። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ስሙ እንዴት ነው የሚነበበው?

ፕዋቲዬ። አጻጻፉ የፈረንሳይኛ ነው። «ፖይቲየር» ብትሉ ማንም አይፈርድባችሁም፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የምለው።

ማን ነበር? በአጭሩ።

በምርጥ መሪ ተዋናይነት ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። ጊዜው 1964። ዘጠኝ ፊልሞች ዳይሬክት አድርጓል። በስተርጅናው ደግሞ ከ1997 እስከ 2007 በጃፓን የባሃማስ አምባሳደር ነበር።

ያረፈው ጃንዋሪ 6፣ 2022 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቤቱ ነው፤ 94 ዓመቱ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 2014፣ የገና ዋዜማ። ዜናው የወጣው በማግስቱ ስለነበር እኔ የሰማሁት በበዓሉ ቀን ነው። ስልኬን ሳይ «ውይ!» አልኩ። እናቴ ደንግጣ «ማነው የሞተው?» አለች። ስሙን ነገርኳት። አላወቀችውም። አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ያ ጥፊውን የመለሰው ነዋ!» አላት።

ወደ ጥፊው እንደርሳለን።

አሜሪካዊ ነው ወይስ ባሃማሳዊ?

ሁለቱንም። ወላጆቹ ካት አይላንድ በምትባል የባሃማስ ደሴት ቲማቲም የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። ቲማቲማቸውን ሊሸጡ ማያሚ በሄዱበት እናቱ ምጥ መጣባት። ፌብሩዋሪ 20፣ 1927 ያለ ወሩ ተወለደ። በጣም ከማነሱ የተነሳ አባቱ አይተርፍም ብሎ መቅበሪያ የሚሆን የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። እናቱ ግን እሺ አላለችም። መዳፍ የምታነብ ሴት ዘንድ ሄደች። ሴትየዋም ልጁ እንደሚተርፍና ከነገሥታት ጋር እንደሚሄድ ነገረቻት ይላል ራሱ ሲያወራው። እንግዲህ ማያሚ መወለዱ ነው አሜሪካዊ ያደረገው። የቲማቲም ገበያ ባይኖር ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

ያደገው መብራት በሌለበት፣ የቧንቧ ውኃ በሌለበት ደሴት ነው። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ዋና ከተማዋ ናሳው ተዛወረ። መኪና ያየው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ፊልሙንም እዚያ አየ፤ የካውቦይ ፊልም። ፊልሙ ሲያልቅ ሮጦ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ቆመና ላሞቹና ፈረሶቹ እስኪወጡ ጠበቀ። ይህን ስናገር ሁሌ ይሳቃል። እንዳትስቁ፣ የእኛም ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው።

ተዋናይ እንዴት ሆነ?

በስድብ።

በ15 ዓመቱ ማያሚ ወንድሙ ዘንድ ተላከ። እዚያ ጥቁር መሆን ምን ማለት እንደሆነ አሳዩት። ባሃማስ ውስጥ ድሃ ነበር እንጂ የሚያጎነብስ ልጅ አልነበረም። አልቻለም፣ በ16 ዓመቱ ኒውዮርክ ገባ። ሰሃን አጣቢ ሆነ። ትምህርቱን ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አልተማረም፤ ማንበብ ይከብደዋል። አንድ ቀን ሥራ ፍለጋ ጋዜጣ ሲያገላብጥ «ሰሃን አጣቢ ይፈለጋል» ከሚለው ገጽ ትይዩ «ተዋንያን ይፈለጋሉ» የሚል አየ። ልሞክር ብሎ ሃርለም ወደሚገኘው የጥቁሮች ቴአትር ቤት ሄደ። ጽሑፍ ሰጡት። እየቆጠረ፣ እየተንተባተበ፣ በዚያ በከባድ የባሃማስ ቅላጼ ማንበብ ጀመረ። ፈታኙ መድረክ ላይ ወጥቶ አንገቱን ይዞ ወደ በሩ ገፋው። «የሰው ጊዜ አታባክን፤ ሂድና የምትችለውን ሥራ፣ ሰሃን እጠብ» አለው።

ልጁ መንገድ ላይ ሲሄድ አንድ ነገር ከነከነው። ሰሃን አጣቢ መሆኔን አልነገርኩትም። እንዴት አወቀ? ታዲያ ፊቴ ላይ የተጻፈው ይሄ ብቻ ነው ማለት ነው? እዚያው አስፋልቱ ላይ ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ ወሰነ። ሙያው ገና አልማረከውም፤ እልህ ነው የያዘው።

በ14 ዶላር ሬዲዮ ገዛ። ማታ ማታ የአስተዋዋቂዎቹን አነጋገር እየሰማ ከኋላ ከኋላ ይደግማል። ያ ዛሬ የምንሰማው የተመጠነ፣ ቃል በቃል የሚያስቀምጠው አነጋገሩ የመጣው ከሬዲዮ ነው። ማንበቡን ግን ያስተማረው ሌላ ሰው ነው።

ኩዊንስ ውስጥ የሚሠራበት ምግብ ቤት አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ አስተናጋጅ ነበር። ሥራ ሲያልቅ አስተናጋጆቹ በር አካባቢ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ሽማግሌው ጋዜጣውን ይዘረጋል። አንድ ማታ ልጁ ሲያየው ሽማግሌው «ጋዜጣው ላይ ምን አዲስ ነገር አለ?» አለው። «ልነግርህ አልችልም፣ ደህና አድርጌ ማንበብ አልችልም» ሲል መለሰ። ሽማግሌው «አብረን እናንብብ?» አለው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሳህኑ ሁሉ ታጥቦ ሲያልቅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቃላት ብቻ አላስተማረውም። ነጠላ ሰረዝ ለምን እንደሚቀመጥ፣ ነጥብ የት እንደሚያሳርፍ አሳየው። ለተዋናይ ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ?

ቴአትር ቤቱ ተመልሶ ሄደ። አሁንም አልቀበልም ሊሉት ሲሉ «በነጻ ልጥረግላችሁ፣ እናንተ አስተምሩኝ» አላቸው። በመጥረጊያ ተማረ።

ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ጓደኛው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

የልብ ጓደኛው። የልደታቸው ልዩነት ዘጠኝ ቀን ነው፤ ቤላፎንቴ ማርች 1፣ 1927 ነው የተወለደው። የእኛ ሰው ቤላፎንቴን የሚያውቀው ከ77ቱ ድርቅ ጋር ነው። አሜሪካ ያሉ ዘፋኞች ለእርዳታ ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ» የሚለውን ዘፈን እንዲዘፍኑ ሐሳቡን ያመነጨ እሱ ነበር።

ሁለቱ እዚያው የሃርለም ቴአትር ቤት ተገናኙ። አንድ ቴአትር ላይ ዋናው ሰው ቤላፎንቴ፣ ተጠባባቂው ሲድኒ ነበር። አንድ ማታ ቤላፎንቴ ቆሻሻ መድፋት ነበረበት፤ የቀን ሥራው የሕንፃ ጽዳት ነው። ቀረ። ሲድኒ ተተካ። ያን ማታ ደግሞ አንድ የብሮድዌይ ዳይሬክተር ከተመልካቹ መሃል ነበር። አይቶ ወደደው፣ ሥራ ሰጠው። ቤላፎንቴ ዕድሜ ልኩን በዚህ ሲቀልድ ኖሯል፤ የሲድኒ ዝና የተመሠረተው በቆሻሻ ላይ ነው እያለ።

የ1964ቱን ታሪክ ግን በቀልድ አያወሩትም ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች ድምፅ እንዲሰጡ የሚያስመዘግቡ ሦስት ወጣቶች በዚያ ክረምት ተገድለዋል። የቀሩት ገንዘብ አልቆባቸዋል። ቤላፎንቴ 70,000 ዶላር ሰበሰበና በሐኪም ቦርሳ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ለሲድኒ ደወለ። አንድ ዝነኛ ለመግደል አይሳሱም፣ ሁለት ከሆንን ግን ያስቡበታል ዓይነት ነበር ክርክሩ። በትንሽ አውሮፕላን በሌሊት ግሪንውድ አጠገብ አረፉ። መንገድ ላይ ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ማኅበር ሰዎች በመኪና ተከተሏቸው፣ ከኋላ እየገጩ። ገንዘቡ ደረሰ። ኦስካሩን ከወሰደ ገና አራት ወሩ ነበር። ሐውልቱ ቤት ውስጥ፣ እሱ ጨለማ ውስጥ፣ መኪና ላይ።

ኦስካሩን በየትኛው ፊልም ወሰደ?

«የሜዳ አበቦች» ልበለው በአማርኛ። የ1963 ፊልም ነው። መንገደኛ የእጅ ባለሙያ አሪዞና በረሃ ውስጥ ከጀርመን ለመጡ መነኮሳት ጸሎት ቤት ይሠራል፤ በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው። በ14 ቀን ተቀርጾ አለቀ። ዳይሬክተሩ ራልፍ ኔልሰን ገንዘብ ቢያጥረው ቤቱን አስይዟል። ሲድኒም ደመወዙን ቀንሶ ከትርፉ ድርሻ ወሰደ። ከመነኮሳቱ ጋር «አሜን» እያለ የሚዘፍንበት ቦታ አለ፤ እንግዶቼ ሁሉ አብረው ይዘፍናሉ። ድምፁ ግን የሱ አይደለም፣ ጄስተር ሄርስተን የሚባል ሙዚቀኛ ነው የዘፈነለት። ሲድኒ ዜማ የሚባል ነገር አይገባውም ነበር።

ኤፕሪል 13፣ 1964 ስሙ ሲጠራ የሸለመችው አን ባንክሮፍት ጉንጩን ሳመችው። በዚያ ዘመን ነጭ ሴት ጥቁር ወንድን በቴሌቪዥን ፊት ስትስም ዝም የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንዳንዶቹ በዚህ ተናደው ነበር። ከሱ በኋላ በዚያ ዘርፍ ሌላ ጥቁር ለማየት 38 ዓመት ፈጀ። እሱም ዴንዘል ዋሽንግተን ነው፣ በ2002። ያው በዚያው ማታ ለሲድኒ የክብር ኦስካር ሰጡት። ዴንዘል መድረኩ ላይ ቆሞ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሳሳድደው ኖሬ በስተመጨረሻ ለኔ ሲሰጡኝ ለሱም በዚያው ማታ ሰጡት ብሎ አሳቀ። ከዚያ ሐውልቱን ወደ ላይ፣ ሲድኒ ወደተቀመጠበት አነሳ። ሲድኒም የራሱን አነሳ። ዩቲዩብ ላይ አለ፣ እዩት።

«አቶ ቲብስ» ስትሉ የምትስቁት ለምንድን ነው?

«በሌሊቱ ሙቀት» የሚባለውን የ1967 ፊልም ያላየ ሰው ነው ይህን የሚጠይቀኝ። ቨርጂል ቲብስ የፊላደልፊያ የግድያ መርማሪ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ባቡር ሲጠብቅ ጥቁር ስለሆነና ቦርሳው ውስጥ ገንዘብ ስለተገኘበት ብቻ በነፍስ ግድያ ይያዛል። የከተማው ፖሊስ አዛዥ በኋላ እያፌዘ፣ ቨርጂል ለአንድ ጥቁር ልጅ አስቂኝ ስም ነው፣ እዚያ አገርህ ምን ብለው ነው የሚጠሩህ ይለዋል። ሲድኒ ጥርሱን ነክሶ ይመልሳል፦ «አቶ ቲብስ ነው የሚሉኝ!»

እዚህ ላይ ለእኛ የምትጠፋብን ነገር አለች። እኛ ሰውን በራሱ ስም ነው የምንጠራው። «አቶ ከበደ» ስንል ከበደ የሰውዬው ስም ነው፤ የአባቱ ስም ይከተላል። በስም መጠራት ነውር አይደለም። አሜሪካ ደቡብ ግን ለማታውቀው ሰው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ መጥራት ንቀት ነው። ነጭ አንድን አዛውንት ጥቁር «ቨርጂል» ወይም «አንተ ልጅ» ይለዋል፤ ጥቁሩ ግን የነጩን ሕፃን ልጅ ሳይቀር በማዕረግ ይጠራል። ስለዚህ ነገሩን በአማርኛ ልስማው ካላችሁ፣ ሽበት ያለው ሰው ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ አንድ ጎረምሳ «ና እስቲ አንተ!» ሲለው አስቡት። ሰውየው ቀና ብሎ «አንቱ ነው የምባለው» ቢል ነው። ያቺ ናት።

የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት በወጣው የለንደኑ መምህር ፊልምም ነገሩ ይኸው ነው። ጋጠወጥ ተማሪዎቹን በመጀመሪያ የሚያስተምራቸው ሒሳብ አይደለም። እኔን «ሰር» በሉኝ፣ ሴቶቹን ደግሞ «ሚስ» በሏቸው ነው የሚላቸው። በ1974 ደግሞ የእንግሊዝ ንግሥት ራሷ «ሰር» የሚለውን ማዕረግ ሰጠችው። ያቺ መዳፍ አንባቢ ምን ብላ ነበር?

እና ጥፊው?

እዚያው ፊልም ውስጥ ነው። ቲብስና የፖሊስ አዛዡ ኤንዲኮት የሚባለውን የጥጥ እርሻ ከበርቴ ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ሰውየው መስታወት ቤት ውስጥ ኦርኪድ አበባ ይንከባከባል። አንድ ጥቁር አሽከር መጠጥ በትሪ ይዞ ቆሟል። ወሬው በጨዋ ደንብ ይጀመራል፤ ስለ አበባ ነው የሚያወሩት። ቲብስ ቀስ እያለ ጥያቄውን ያስገባል። ከበርቴው ተጠርጣሪ መሆኑ ሲገባው ጠጋ ብሎ በጥፊ ይለዋል። ሲድኒ ሰከንድ አይቆይም። በመዳፉ ጀርባ ይመልስለታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ ነው ማየት ያለባችሁ። ሽማግሌው ወደ ፖሊሱ ዞሮ አየኸው? ምን ልታደርግ ነው? ይለዋል። ፖሊሱ አላውቅም ይላል። ሽማግሌው ድሮ ቢሆን ኖሮ ባስገደልኩህ ነበር ብሎ ለብቻው ሲቀር ዓይኑ እንባ ያቀራል። አሽከሩ ደግሞ ትሪውን እንደያዘ ነው። እኔ ሁሌ የማየው አሽከሩን ነው።

አባቴ ያንን ቦታ ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ «እሰይ!» ብሎ ያጨበጭባል። ስንት ጊዜ እንዳየው እግዜር ይወቅ፣ ሁሌ እንደ አዲስ ነው። ጥፊው የማን ሐሳብ ነው የሚለው ያከራክራል። ሲድኒ ካልመለስኩ አልሠራም ብዬ ነው ሲል፣ ፊልሙን የሠሩት ደግሞ መጀመሪያም ስክሪፕቱ ላይ ነበር ይላሉ።

ሌላም ነገር እምቢ ብሏል። ታሪኩ ሚሲሲፒ ቢሆንም እዚያ አልቀረጽም አለ፤ የ1964ቱን ሌሊት አልረሳም። ስለዚህ አብዛኛው የተቀረጸው ሰሜን፣ ኢሊኖይ ውስጥ ነው። ለጥጥ እርሻው ብቻ ለጥቂት ቀን ቴነሲ ወረዱ። እዚያ በቆየባቸው ሌሊቶች ሽጉጥ ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛ ነበር ይባላል።

(በ2022 ኦስካር መድረክ ላይ የተሰነዘረው ጥፊ ሌላ ነው። እባካችሁ አታምታቱብኝ።)

በዚያ ፊልም ኦስካር አልወሰደም?

አልታጨም። በ1967 ሦስት ትልልቅ ፊልም ሠርቶ በአንዱም አልታጨም። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተባለ፣ ፖሊሱን የሠራው ሮድ ስታይገር ሐውልቱን ወሰደ። ሥነ ሥርዓቱ ራሱ በሁለት ቀን ተራዝሞ ኤፕሪል 10፣ 1968 ነበር የተካሄደው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ ገና መቀበሩ ነበር። ካልተራዘመ አንመጣም ካሉት አንዱ ሲድኒ ነው። ያን ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት የሚሞላ ቀዳሚው ተዋናይ ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ትኬት በመግዛት ሸልሞታል ልበላችሁ።

ነጭ ልጅ ሊያገባ እራት የሚሄድበት ፊልምስ?

እሱም የ1967 ነው። ፊልሙ ሲቀረጽ በ16 የአሜሪካ ግዛቶች ነጭና ጥቁር መጋባት በሕግ የተከለከለ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን የሻረው ጁን 12 ቀን ነው፣ ፊልሙ ሲኒማ የገባው ዲሴምበር። የልጅቷን አባት የሠራው ስፔንሰር ትሬሲ በጠና ታሞ ነበር፤ ቀረጻው ካለቀ ከ17 ቀን በኋላ አረፈ። የመጨረሻ ንግግሩን ሲያደርግ የካትሪን ሄፕበርን እንባ ትወና አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለቱ ፍቅረኛሞች በፊልሙ ሙሉ የሚሳሳሙት አንዴ ነው። እሱንም የምናየው በታክሲው የኋላ መመልከቻ መስታወት ውስጥ ነው። በጓሮ በር ማለት ነው።

ጥቁሮቹ ራሳቸው ተችተውት ነበር የሚባለው?

ክፉኛ። በ1967 ክሊፎርድ ሜሰን የሚባል ጥቁር ጸሐፌ ተውኔት ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ነጭ አሜሪካ ይህን ያህል የሚወደው ለምንድን ነው ብሎ ጻፈበት። ክሱ ባዶ አይደለም። እራት የሚሄደው ሰውዬ ሐኪም ነው፣ ተሸላሚ ነው፣ ሱፉ ጉድፍ የለበትም፣ ልጅቷን ቤተሰቦቿ ካልፈቀዱ አላገባም ይላል። እንዲህ ዓይነት ሰው በመንደር አለ? በዘር አመፅ ከተሞች በሚቃጠሉበት ዓመት ሲድኒ ረጋ ብሎ ክራባቱን ያስተካክላል። ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። እሱም ትችቱ እንዳቆሰለው አልደበቀም። ቢሆንም ያን ጊዜ ብቸኛው ጥቁር መሪ ተዋናይ ነኝ፣ በአንድ ሰው ጫንቃ ይህ ሁሉ ይጫናል ወይ ነበር መልሱ።

እኔ የማደላው ለሱ ነው፤ ምክንያቴም አንድ ታሪክ ነው። ገና ዝነኛ ሳይሆን፣ ሁለተኛ ልጁ ልትወለድ ስትል፣ ለሆስፒታል የሚከፍለው አልነበረውም። በሳምንት 750 ዶላር የሚያስገኝ የፊልም ሥራ በአንድ የተዋንያን ወኪል በኩል መጣለት። የሚጫወተው ሰውዬ ጽዳት ሠራተኛ ነው፣ ወንጀል አይቷል። እንዳይናገር ልጁን ገድለው ደጁ ላይ ይጥሉለታል። እሱም ዝም ይላል። ሲድኒ ስክሪፕቱን መለሰ። ወኪሉ ግራ ገባው። ስድብ የለበት፣ ንቀት የለበት፣ ምኑ ነው የከፋህ? ሲድኒ አልነገረውም። ወጥቶ የቤት ዕቃውን አስይዞ 75 ዶላር ተበደረና ለሆስፒታሉ ከፈለ። ምክንያቱ አባቱ ነበር፤ የኔ አባት ልጁን ገድለውበት ዝም አይልም፣ እኔም እንዲህ ያለ አባት ሆኜ አልታይም። ወኪሉ በኋላ፣ እንዲህ ያለ እብድ ከሆንክማ እኔ ነኝ የምይዝህ አለው። ብዙ ዓመት አብረው ሠሩ።

ከአፍሪካ ጋር ምን ግንኙነት ነበረው?

በ1950 ፊልም ሊሠራ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ነበር። አፓርታይድ ገና በአዋጅ ሲደራጅ ማለት ነው። እሱና ሌላው ጥቁር ተዋናይ ካናዳ ሊ አገር መግባት የቻሉት የዳይሬክተሩ የውል አገልጋዮች ተብለው ነው፤ ያለዚያ ፈቃድ የለም። በ1997 ደግሞ ኔልሰን ማንዴላን ሆኖ በቴሌቪዥን ፊልም ሠራ። መጀመሪያ በአገልጋይ ወረቀት የገባበትን አገር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተወነ።

አንተ ራስህ ለምን «እሱ» ትለዋለህ? አንቱ አይባልም?

ይህን የጠየቀችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ አፌን ነው ያስያዘችኝ። ስለ አቶ ቲብስ ይህን ሁሉ ተናግሬ «ሲድኒ፣ ሲድኒ» ማለቴ ያስተዛዝባል። መልሴ ይኸው ነው፦ እኛ የወደድነውን ከያኒ አንቱ አንለውም። ጥላሁንን «አቶ ጥላሁን» የሚል ሰው ታውቃላችሁ? ፊት ለፊት ባገኘው ግን፣ ጋሼ እለው ነበር።

ዳይሬክተር ሆኖስ ምን ሠራ?

ኮሜዲ ይወድ ነበር። የ1980ው የእስር ቤት ኮሜዲው፣ ሪቻርድ ፕራየርና ጂን ዋይልደር ያሉበት፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። እኔ የምመርጠው ግን በ1972 ከቤላፎንቴ ጋር የሠራውን የፈረስ ፊልም ነው። ቤላፎንቴ ጥርሱን አቆሽሾ፣ አጭበርባሪ ሰባኪ ሆኖ ታዩታላችሁ። ናሳው ላይ ላሞቹ እስኪወጡ የጠበቀው ልጅ በመጨረሻ የራሱን ካውቦይ ሠራ።

ከየትኛው ልጀምር?

ከጥፊው። ከዚያ ወደ ኋላ፣ የ1958ቱን ሁለት እስረኞች፤ ከነጭ እስረኛ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሮ የሚያመልጥበትን። መጀመሪያ ለኦስካር የታጨው በሱ ነው። የ1961ዱን የቺካጎ ቤተሰብ ፊልም ለብቻችሁ እዩት፤ እዚያ ንጹሕ ሰው አይደለም፣ ይሳሳታል፣ ገንዘብ ያጠፋል፣ እናቱ ፊት ይፈርሳል። ትወናው የጎደለው የሚመስላችሁ ካላችሁ እሱን ካያችሁ በኋላ እናውራ።

ከልጆች ጋር ከሆነ የመነኮሳቱን ወይም የመምህሩን አሳዩ። በጥፊው ፊልም ውስጥ ዘረኛ ስድብ አለ፣ አስከሬንም አለ፤ ለትንንሾቹ ይቆይ።

በስሙ የተሰየመ ነገር አለ?

ናሳው ውስጥ ድልድይ አለ። አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ቤቱን በ2021 በስሙ ሰይሟል፤ በሕይወት እያለ አየው። በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ትልቁን የሲቪል ሜዳልያ አጥልቀውለታል። ሲሞት የብሮድዌይ ቴአትር ቤቶች መብራታቸውን አደብዝዘውለታል።

ያንን አስተናጋጅ በኋላ አገኘው?

በየዓመቱ የመጨረሻው ጥያቄ ይሄ ነው። አላገኘውም። ዝነኛ ከሆነ በኋላ ሊፈልገው ሲነሳ ጊዜው አልፎ ነበር። በ1992 የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ለዕድሜ ልክ ሥራው ሲሸልመው አዳራሹ በታዋቂ ሰዎች ተሞልቷል። ምስጋናውን ሲደረድር እዚያ ሽማግሌ ላይ ደረሰ። «ስሙን ልነግራችሁ አልችልም፣ አውቄውም አላውቅ» አለ። «አሁን ግን ደህና አድርጌ አነባለሁ።»